የወሊድ ፈቃድ ደመወዝ ከጡረታ ይመለሳል ወይ? (የፔሮል ጥያቄ)

ካዛንቺስ_ፔሮል፦

ሰላም ለሁላችሁም። ካዛንቺስ የሚገኝ፣ 23 ሠራተኛ ያለው የግል ድርጅት ፔሮል እሠራለሁ። በሚቀጥሉት ወራት ሦስት ሴቶች ለወሊድ ይወጣሉ፤ የአንድ ሾፌራችን ባለቤትም ልትወልድ ነው።

የመጀመሪያዋ ስቶር ኪፐር ናት፤ ደመወዟ 12,000 ብር፣ የትራንስፖርት አበሏ 2,000። ሁለተኛዋ ሽያጭ ላይ ናት፤ መነሻ ደመወዟ 6,000 ብር ሲሆን ኮሚሽኑ አንዳንድ ወር ከደመወዙ ይበልጣል። ሦስተኛዋ ገና ሙከራ ላይ ናት፤ ከተቀጠረች 40 የሥራ ቀን አልሞላትም፣ እርግዝናዋ ግን 7 ወር ገብቷል።

አለቃችን «በየወሩ 11 በመቶ ለጡረታ የምንገፈግፈው ለመቼ ነው? የወሊዱን ደመወዝ ከዚያ አስመልሺ» እያሉ ነው። የሚመለስ ነገር አለ ወይ? ካልተመለሰስ በየትኛው ክፍያ ላይ ነው የሚሰላው? ሙከራ ላይ ያለችዋስ? ኮሚሽኑ፣ የአባትየው ፈቃድ፣ የቀን አቆጣጠሩ… የምታውቁትን አስረዱኝ።


ሜክሲኮ_ሰው_ኃይል፦

እህቴ፣ ለአለቃሽ ቁርጡን ንገሪያቸው፤ የሚመለስ ብር የለም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ (አዋጅ 1268/2014) የሚሸፍነው እርጅናን፣ የጤና ጉድለትን፣ በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳትንና ሠራተኛው ሲሞት የሚተኩትን ነው። ወሊድ እዚያ ውስጥ የለም። አገራችን ለወሊድ ብቻ የተቋቋመ ፈንድ የላትም፤ ደመወዙን የሚከፍለው አሠሪው ነው፣ ከራሱ ኪስ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 88 ግዴታውን የጣለው አሠሪው ላይ ነው።

ስለዚህ ከአሁኑ በጀት ያዢ። ለስቶር ኪፐሯ ወሩን ሙሉ ደመወዝ 12,000 ከፍለሽ፣ የድርጅቱን ድርሻ 11 በመቶ 1,320 ብር ትጨምሪያለሽ፤ በአራት ወር 53,280 ብር ይመጣል። ከእሷ ደግሞ 7 በመቶው 840 ብር እንደወትሮው ይቆረጣል፣ የሥራ ግብሩም እንዲሁ። ብዙ ቦታ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፦ ፈቃድ ወጣች ተብሎ ስሟ ከጡረታ ዝርዝሩ ይወጣና ከዓመታት በኋላ አገልግሎቷ ሲቆጠር የአራት ወር ቀዳዳ ይገኛል። ስሟ አይውጣ። ደመወዝ የተከፈለበት ወር መዋጮ ይከፈልበታል።

አበሉን በተመለከተ የዚሁኑ አዋጅ አንቀጽ 53ን አንብቢ። የትርፍ ሰዓት፣ ውሎ አበል፣ የትራንስፖርት አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን፣ ደንበኛ የሚከፍለው ሰርቪስ ቻርጅ «ደመወዝ» አይደሉም። ስለዚህ 2,000 ብሩ በፈቃድ ጊዜ በሕግ አይገደድም፤ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ውሉ ላይ «በፈቃድ ጊዜም ይከፈላል» የሚል ካለ ግን ግዴታ ይሆናል። ፋይሉን ሳታዪ አትቁረጪ።

የሽያጯ ነገር የሚያሳዝን ነው። በሕጉ የሚገባት 6,000 ብር ነው፤ የገቢዋ ትልቁ ክፍል ኮሚሽን ስለሆነ ልክ ሕፃኑ በሚመጣበት ወር ገቢዋ ይወድቃል። ነገር ግን ከመውጣቷ በፊት ለተዘጉ ሽያጮች የተሠራው ኮሚሽን የእሷ ነው፤ ገንዘቡ ፈቃድ ላይ እያለች ቢገባም ሊከፈላት ይገባል። ከመውጣቷ በፊት ያልተሰበሰቡ ደረሰኞችን ዘርዝራችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ያለዚያ ተተኪው ሻጭ «እኔ ነኝ ያስከፈልኩት» ይላል፣ ክርክሩ አያልቅም።

ሙከራ ላይ ያለችው፦ የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው። በሙከራ ያለ ሠራተኛ በሕግ፣ በሥራ ደንብ ወይም በኅብረት ስምምነት ሌላ ካልተባለ በስተቀር ሙከራውን እንደጨረሰ ሰው ነው የሚቆጠረው። ለወሊድ ፈቃድ ደግሞ «ይህን ያህል ወር ማገልገል አለባት» የሚል መስፈርት የለም። ስለዚህ ደመወዟ ሙሉ ነው። «ሙከራዋን አላለፈችም» ብሎ በዚህ ሰዓት ማሰናበት ምን እንደሚያመጣ ሕግ አዋቂ ይንገርሽ፤ እኔ ግን በአለቃሽ ቦታ ብሆን አልሞክረውም።

ተተኪ ከቀጠራችሁ ውሉን ለተወሰነ ጊዜ አድርጉት፣ ምክንያቱንም በጽሑፍ አስፍሩ፦ «በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለችን ሠራተኛ ለመተካት»። አንቀጽ 10 ይህን በግልጽ ይፈቅዳል። ምክንያቱ ያልተጻፈበት የሦስት ወር ውል በኋላ «ቋሚ ነኝ» የሚል ጥያቄ ያስነሳል።


የአራዳዋ_አዋላጅ፦

ከሕጉ በፊት ወረቀቱ ላይ ላተኩር፤ ችግሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የሕክምና ማስረጃው የሚገመተውን የመውለጃ ቀን መያዝ አለበት። ያ ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ጠይቁ። የመንግሥት ጤና ጣቢያ ካርድ ብዙ ጊዜ በኢትዮጵያ ይጽፋል፣ የግል ክሊኒክ አልትራሳውንድ ደግሞ በፈረንጅ። «10/05» ብቻ ተጽፎ ካገኛችሁ፣ አንዱ ጥር 10 ብሎ ያነበዋል፣ ሌላው ሜይ 10 ይለዋል፤ በመካከላቸው አራት ወር ገደማ ይገባል። በ2018 ዓ.ም. ሜይ 10 ግንቦት 2 ነው። ስለዚህ ወሩ በፊደል፣ አቆጣጠሩ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ሁለት አልትራሳውንድ ሁለት ቀን ሊሰጥ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የተሠራው ከሁሉም ይታመናል፤ በ8 ወር የተሠራው በሳምንታት ሊሳሳት ይችላል። ሰው ኃይል ጋ የሚቀርበው ማስረጃ የቀደመውን መሠረት አድርጎ ቢጻፍ ይሻላል። ያለዚያ እናትየዋ ቅድመ ወሊዱን ጨርሳ ቤት ተቀምጣ ትጠብቃለች።

ምርመራ የሄደችበት ቀን ራሱ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ነው፤ ግን ስትመለስ ከጤና ተቋሙ የተሰጠ ወረቀት ማምጣት አለባት። ብዙዎቹ ካርዳቸውን ፎቶ አንስተው ቴሌግራም ይልካሉ፤ ማኅተሙ ካልታየ ግን ፋይል ውስጥ ዋጋ የለውም። ከምርመራ ክፍሉ ከመውጣታቸው በፊት ያስመቱ።

ሐኪም «ዕረፍት ያስፈልጋታል» ብሎ ከጻፈ (ደም ግፊት፣ መድማት፣ የመንታ እርግዝና ሲሆን የተለመደ ነው) ይህም ከደመወዝ ጋር ነው፣ ከ30ው ቀን የቅድመ ወሊድ ፈቃድ አይቀነስም። ይህን ከዓመት ፈቃድ ላይ የሚቀንሱ አሉ፤ ስህተት ነው።

ስትወልድ ሆስፒታሉ የልደት ማሳወቂያ ይሰጣታል። ለፔሮል ያ ይበቃል፤ የልደት ምስክር ወረቀት እስኪወጣ ደመወዝ አትያዙባት። ማሳወቂያው ላይ የእናትየው ስም ከመታወቂያዋ ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉን ከመውጣቷ በፊት ታረጋግጥ። «ሀ» እና «ሐ» ተለዋውጠው ወረዳ ላይ ለሁለት ሳምንት የሚያመላልሱበት ጊዜ ብዙ ነው።


ልደታ_ችሎት፦

ከላይ ያሉት ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ጥቂት ልጨምር።

ቅድመ ወሊዱ 30 ቀን፣ ድህረ ወሊዱ 90 ቀን ነው፣ ሁለቱም ተከታታይ። 30ው አልቆ ካልወለደች እስክትወልድ ድረስ ተጨማሪ ፈቃድ አላት፤ ያ ተጨማሪ ከ90ው አይቀነስም። 30ው ሳያልቅ ከወለደች ደግሞ ድህረ ወሊዱ ከወሊዱ ጀምሮ ይቆጠራል። «ቶሎ ወለደች፣ ፈቃዱም ቶሎ ያበቃል» እያሉ 90ውን ጭምር የሚሸራርፉ አሉ፤ የሚያጥረው ቅድመ ወሊዱ ብቻ ነው።

የአቆጣጠሩ ጠብ ሁልጊዜ በካሌንደር ቀን እና በሥራ ቀን መካከል ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። 90 ቀን በካሌንደር 13 ሳምንት አይሞላም፤ በሳምንት 6 ቀን በሚሠራ ድርጅት 90 የሥራ ቀን ግን 15 ሳምንት ነው፣ በ5 ቀን ሳምንት 18 ሳምንት፣ በዓላትን ሳንጨምር። ስለዚህ ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት የነጋሪት ጋዜጣውን የአማርኛ ቅጂ አንቀጽ 88 ንዑስ አንቀጽ 3 ገልጣችሁ ቃሉን ደብዳቤው ላይ ቅዱት። ከኢንተርኔት የተገኘ የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ ይዞ የሚከራከር ሰው ብዙ አየሁ፤ ሁለቱ ቅጂ ከተጋጩ የሚገዛው አማርኛው ነው። ጋዜጣው አራት ኪሎ አካባቢ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ይሸጣል፣ ዋጋውም የሚያስፈራ አይደለም። ደግሞ ሕጉ ዝቅተኛውን ነው የሚያስቀምጠው፤ ለሠራተኛዋ በሚሻለው የቆጠረ አሠሪ ፍርድ ቤት ቀርቦ አያውቅም።

ስንብት፦ አንቀጽ 87 በእርግዝና ጊዜ እና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ ውሏ እንዳይቋረጥ ይከለክላል። በሕጉ የተዘረዘሩ፣ ከእርግዝናዋና ከወሊዷ ጋር ያልተያያዙ ምክንያቶች ከተገኙ በስተቀር። ሙከራ ላይ ያለችው ጉዳይ ከዚህ አንጻር ይታይ፤ 7 ወር ነፍሰ ጡርን «ብቃት የላትም» ብሎ ማሰናበት፣ ያውም የግምገማ ወረቀት ሳይኖር፣ ዳኛ ፊት ምክንያቱ ከእርግዝናዋ ሌላ መሆኑን ለማስረዳት ከባድ ነው።

ሌላም የሚረሳ አለ፦ ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት፣ ወይም ትርፍ ሰዓት ማሠራት አይቻልም። ስቶር ኪፐሯ በዓመት መዝጊያ ቆጠራ ሌሊት እንዳትመደብ።

የጊዜ ገደቦቹን ለሠራተኞቹ ብትነግሪያቸው ለድርጅቱም ይጠቅማል፣ ነገሩ ሳይከማች ይፈታል። የደመወዝ ጥያቄ መክፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር ችሎት የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ከዚያ በፊት ግን የክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ ቢጠየቅ ብዙውን ነገር በአንድ ደብዳቤ ይጨርሳል።

አባትየው፦ 3 ተከታታይ ቀን፣ ሙሉ ደመወዝ፣ አንቀጽ 81። ተከታታይ ስለሆነ ዓርብ ቢወለድ እሑዱ ውስጡ ይገባል። ሾፌሩ ተጨማሪ ከፈለገ ከዓመት ፈቃዱ ይጠቀም፤ ያ ለመጀመሪያ ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ብልህ አባት ቀድሞ ማመልከቻ አስገብቶ ሦስቱን ቀን ከዓመት ፈቃዱ ጋር ያያይዛል።


ሜክሲኮ_ሰው_ኃይል፦

ለልደታ አንድ ነገር ላርም። የአንቀጽ 88 መብት በድርጅትሽ ላሉ ሁሉ እንዳይመስልሽ። «የሥራ መሪ» የሆነች ሴት ከአዋጅ 1156 ውጪ ናት። ነገር ግን የማዕረግ ስሙ አይወስንም፤ ካርዷ ላይ «ማናጀር» ቢጻፍም የመቅጠር፣ የማሰናበት፣ ፖሊሲ የማውጣት ሥልጣን ከሌላት ሠራተኛ ናት። በእርግጥ የሥራ መሪ ከሆነች ፈቃዷ የሚወሰነው በውሏና በሥራ ደንቡ ነው፣ ስለዚህ ስትቀጠር ማስጻፍ አለባት። የቤት ሠራተኞችም ከዚህ አዋጅ ውጪ ናቸው።

ከኤጀንሲ የመጡ ጽዳትና ጥበቃ ካሏችሁ፣ ውላቸውን የፈረመው ኤጀንሲው ስለሆነ ፈቃዱንም ደመወዙንም የሚሰጠው እሱ ነው። እናንተ ግን ምትክ እንዲልክ በጽሑፍ ጠይቁት፤ ብዙ ኤጀንሲ ነገሩን ዝም ብሎ «አቋረጠች» ይላል።


ልደታ_ችሎት፦

ልክ ነው፣ ተቀብያለሁ።


ካዛንቺስ_ፔሮል፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ተፈታልኝ። አንድ የቀረኝ፦ አለቃችን የሚሉትን ትንሽ የሚያጸድቅ ነገር ሠራተኞቹም ይጠይቁኛል። «አውስትራሊያ ያለችው እህቴ መንግሥት ነው የከፈላት» ትላለች አንዷ። እዚህ መንግሥት ለወለደች ሴት የሚሰጠው ገንዘብ ወይም ድጋፍ በፍጹም የለም ማለት ነው?


የአራዳዋ_አዋላጅ፦

የእህቷ እውነት ነው፣ ግን ሥርዓቱ ሌላ ነው። እዚያ ማመልከቻው የሚቀርበው ለመንግሥት ነው፣ ክፍያውም በአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ልክ ይሰላል እንጂ በሰውየው ደመወዝ አይደለም። ከጁላይ 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ለሚወለዱ 120 ቀን፣ ከጁላይ 2026 በኋላ ደግሞ 130 ቀን ነው። ከፍተኛ ደመወዝ ያላት ሴት እዚያ ከደመወዟ ያነሰ ታገኛለች፤ ሕጉን የሚያከብር አሠሪ ያላት የአዲስ አበባ ሴት ግን ሙሉ ደመወዟን። የሚያከብር አሠሪ ማግኘት ነው ጭንቁ።

እዚህ ለሁሉም ሕፃን በየወሩ የሚከፈል አበል የለም። ያለው በአገልግሎት መልክ ነው፦ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ የድህረ ወሊድ ክትትልና የሕፃኑ ክትባት በነፃ ነው። ችግር ሲገጥም ወደ ሆስፒታል የሚያዛውራት ጤና ጣቢያው ስለሆነ ሪፈር ወረቀቷን ይዛ መሄዷን እርግጠኛ ትሁን፤ ያለ ሪፈር ሄዳ ብዙ የምትጉላላ አለች። የግል ሆስፒታል መውለድ ከፈለገች ወጪው የራሷ ነው፤ ድርጅቱ የጤና ኢንሹራንስ ከገባ ደግሞ ወሊድ መካተቱንና ጣሪያው ስንት እንደሆነ ፖሊሲው ላይ ታይ።

በከተማ ሴፍቲኔት ውስጥ ያሉ በጣም ዝቅተኛ ኑሮ ያላቸው ቤተሰቦች ግን ሌላ ነው። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት ከማኅበረሰብ ሥራው ወጥታ ክፍያዋ እንዳይቋረጥ ሥራ ሳትሠራ ወደሚከፈላት ቀጥታ ድጋፍ ትዘዋወራለች። የጤና ጣቢያ ማስረጃ ይዛ ብታመለክት ይሻላል። ያ ሳይሆን ነፍሰ ጡር ሆና አስፋልት የምትጠርግ ሴት አያችሁ ይሆናል። የእናንተ ሠራተኞች እዚህ ውስጥ አይገቡም።


አራት_ኪሎ_ወረዳ፦

ስለ ልደት ምዝገባ አንድ ልበል። ሕጉ (አዋጅ 760/2004) ከተወለደ በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዝዛል። ቀኑ ከድህረ ወሊድ ፈቃዱ ጋር ስለሚቀራረብ፣ «ወደ ሥራ ስመለስ አደርገዋለሁ» የምትል እናት ልክ በቀነ ገደቡ ትወድቃለች። በ3ኛው ወይም በ4ኛው ሳምንት ይሂዱ፣ ወረዳው ሰልፍ የሚያንሰው ጠዋት ሦስት ሰዓት ከመድረሱ በፊት ነው። የሆስፒታሉ ማሳወቂያ፣ የሁለቱም ወላጅ መታወቂያ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት። ጋብቻቸው ያልተመዘገበ ከሆነ አባት ራሱ መምጣት አለበት፤ ያለ እሱ የአባት ስም ባዶ ሊቀር ይችላል፣ ከዚያ ማስተካከል ረጅም ነው። የሕፃኑን ስም ደግሞ ከመምጣታቸው በፊት ይጨርሱ። መስኮቱ ላይ ቆመው የሚጨቃጨቁ ባልና ሚስት ወረዳ የማይጠፋ ነገር ነው።


ካዛንቺስ_ፔሮል፦

የመጨረሻ። የፈቃድ ደብዳቤውን እንዴት ልጻፈው? የምትጠቀሙበት ካለ።


ልደታ_ችሎት፦

ደብዳቤው አጭር ይሁን፣ ቀኖቹ ግን ሁሉም ይግቡበት። ለምሳሌ እንደ እርስዎ ስቶር ኪፐር፣ የመውለጃ ቀኗ ግንቦት 2 ቢሆን፦

«ለወ/ሮ … ። በ… ቀን ባቀረቡት የሕክምና ማስረጃ መሠረት የሚገመተው የመውለጃ ቀንዎ ግንቦት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. በመሆኑ፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 88 የተፈቀደልዎት የቅድመ ወሊድ ፈቃድ ከ… ቀን ጀምሮ እንዲወጡ ተፈቅዷል። የድህረ ወሊድ ፈቃድዎ የወለዱበትን ማስረጃ ካቀረቡበት ጊዜ ሳይሆን ከወለዱበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል፤ ወደ ሥራ የሚመለሱበት ቀንም ማስረጃው ሲደርሰን በጽሑፍ ይገለጽልዎታል። በፈቃድ ጊዜ ወርሃዊ ደመወዝ 12,000.00 ብር ከሕጋዊ ተቀናሾች በኋላ በባንክ ሂሳብዎ ገቢ ይደረጋል። የትራንስፖርት አበል አይከፈልም/ይከፈላል።»

ባዶውን ቦታ ስትሞሉ ቅድመ ወሊዱ በካሌንደር ከተቆጠረ ሚያዝያ 2 ላይ ይወድቃል፤ እዚያው ሰሞን ስቅለትና ፋሲካ አሉ፣ በሥራ ቀን የምትቆጥሩ ከሆነ እሑዱንና በዓላቱን አውጥታችሁ ወደ መጋቢት መመለሱን አትርሱ። «አይከፈልም/ይከፈላል» ከሚለው አንዱን ሰርዙ፤ ሁለቱም እንደተጻፉ የወጣ ደብዳቤ አይቻለሁ። በሁለት ኮፒ ይፈረም፣ አንዱ ፋይሏ ውስጥ ይግባ፣ አንዱን ይዛ ትውጣ። በወለደች ማግስት ባለቤቷ ማሳወቂያውን ሲያመጣ ደግሞ የምትመለስበት ቀን ያለበትን ሁለተኛውን ደብዳቤ ያኔውኑ ስጡት።